ደወል በዕለቱ የሚደወልባት ከተማ

ክቡራትና ክቡራን፣ አቶ ሚልክያስ፣ ጋሽ ክብሮም፣ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ፤

በመጀመሪያ ስለ ኬኩ አመሰግናለሁ። "አመለወርቅ" ብሎ ሙሉ ስሜን ያስጻፈው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ቢሮ እስከ ዛሬ "እትዬ አሙ" ነበርኩ። ሰው ሊሄድ ሲል ነው መሰለኝ ሙሉ ስሙ የሚታወሰው። ከሪችመንድና ከሳን ሆዜ በዚያ ትራፊክ እዚህ ኦክላንድ ድረስ ለመጣችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ብሉ፣ ጠጡ። እኔ ቆሜ ነው የምናገረው።

አቶ ሚልክያስ ቅድም "እህታችን አመለወርቅ ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ ገጠር ልትሄድ ነው" አሉ። አስተርጓሚ ነኝና የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ለዕረፍት አይደለም የምሄደው። ከእናንተ ለመራቅ ነው።

አትሳቁ። ቀልዱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

ስልክ ተቀባያችን ቲቲ ሰሞኑን ስልክ ባነሳች ቁጥር፣ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞራ ትለኛለች፤ "እትዬ፣ ሰው እንዴት ከካሊፎርኒያ ተነስቶ እዚያ ይሄዳል? ሲሪየስሊ፣ ኡበር እንኳ አለ?"

የለም ቲቲ። ኡበር የለም። ያለውን ልንገርሽ።

ብራምዊክ ትባላለች። ከዳር እስከ ዳር በእግር ብትሄጂ ትኩስ ሻይ እስኪበርድ ትጨርሻታለሽ። መሐሏ የድንጋይ አደባባይ ነው፤ በድሮ ጊዜ አንድ ንጉሥ የሐሙስ ገበያ ፈቀደላቸውና በበግ ፀጉር ከበሩ። በዚያ ሀብት ከከተማዋ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ኋላ የሱፉ ሥራ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ባቡር መጣላቸው፣ እሱም ከተነቀለ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ሐዲዱ በነበረበት ዛሬ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ባንኩ ተዘግቶ ፀጉር ቤት ሆኗል። ጥሩ ጥሩውን ቤት የለንደን ሰዎች ለቅዳሜና እሑድ ገዝተውት በአዘቦት ቀን መጋረጃው አይገለጥም። ወጣቱ እግሩ ሲጠና ይሄዳል። አውቶቡሱም ቀርቶባቸው ነበር፤ የቀሩት ሽማግሌዎች ተሰባስበው አንድ ሚኒባስ አቆሙና በነፃ ይነዱታል። የሐኪም ቀጠሮ ያለበትን፣ መድኃኒት የሚያመጣውን፣ ሁሉንም ያመላልሳሉ። ከሹፌሮቹ አንዱ ወንድሜ ዓለሙ ነበር።

አሁን ሹካችሁን አስቀምጡ።

ዓለሙ በወጣትነቱ ለትምህርት ሄዶ እዚያው የቀረ ወንድሜ ነው። ከእኔ በቀር ዘመድ የለውም። ሞባይል አይወድም፤ እኔም ሥራ ላይ ስልኬን ስለማጠፋ ሲቸግረው የሚደውለው ወደዚህ ቢሮ ነበር። ቲቲ ታውቀዋለች። "ጋሼ ዓለሙ በእንግሊዝኛ ሲቀልድ ደስ ይላል" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ታሞ ሆስፒታል ገባ። ዶሪን የምትባል ጎረቤቱ እዚህ ደወለች። "እህቱ ትምጣ፤ ልቡ ደክሟል፤ እሷን እየጠራ ነው" አለች። በትክክል እንደዚህ ነው ያለችው፤ ኋላ ራሷን ጠይቄአታለሁ። እናንተስ ምን አደረጋችሁ? ሚቲንግ አደረጋችሁ። እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። "ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች" ተባለ። "ይድን ይሆናል፣ ለምን እናስጨንቃታለን?" ተባለ። "ከባሰም ሰው ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን" ተባለ። ዶሪን ግን መደወሏን አላቆመችም። በመጨረሻ አቶ ሚልክያስ ስልኩን ተቀብለው "ነግረናታል፤ ታውቃለች" አሏት።

እኔ በዚያ ሰሞን ምን እሠራ ነበር? እሑድ እሑድ ቤቱ እደውላለሁ፣ አያነሳም። ሰኞ ቢሮ ስገባ አጠገቤ የሚቀመጠውን ጉዲናን "ወንድሜ ስልክ አያነሳም፣ ሆዴ ፈራ" አልኩት። ጉዲና ዓይን ዓይኔን እያየ ምን አለኝ? "ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል እትዬ። ገጠር አይደል?"

ጉዲና፣ ቀና በል። ያን ጊዜ ዓይኔን ማየት አላቃተህም ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሁላችሁም ጥቁር ለብሳችሁ፣ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ቆማችኋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። መቼም ለቅሶ ማሳመር ታውቁበታላችሁ። ምግቡ ተሠርቷል፣ ወንበሩ መጥቷል፣ የሚደግፈኝ ሰው ሳይቀር ተመድቧል። ሁሉን አስባችሁ ነበር፣ ሳይሞት እንድደርስለት ብቻ አላሰባችሁም።

"ባህላችን ነው" አላችሁኝ። ባህሉን ለእኔ ነው የምታስተምሩት? መርዶ የሞተ ሰው ወሬ ነው። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ የሚያረዳው የሞተን ሰው ነው። ዓለሙ በሕይወት ነበር! በሕይወት ያለ ሰው መርዶ የለውም። እየጠራኝ ነበር፤ ጥሪውን ነው የቀበራችሁት።

ደግሞስ እኛ ማን ነን? እዚህ ቢሮ የሚገባ ሰው ሁሉ አቶ ሚልክያስ ፊት ቆሞ ይማላል፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላዘገይም። ፓሎ አልቶ ሆስፒታል አንድ ልጅ "እትዬ፣ ለአባቴ በሽታውን ቀለል አድርገሽ ንገሪልኝ" ብሎ እጄን ይዞ ሲለምነኝ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ለአባትዬው ተናገርኩ። አቶ ሚልክያስ ያንን ታሪክ በትሬይኒንግ ሁሉ ላይ ያነሱታል። "አስተርጓሚ ማለት እንደ አመለወርቅ ነው" ይላሉ። ከሰው አባት የማይደበቀው የእኔ ወንድም ሲሆን ከእኔ ይደበቃል?

ጋሽ ክብሮም፣ እርስዎ "ንገሯት እንጂ" ብለው እንደነበር ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ብለው ዝም አሉ። ስልክዎ ተበላሽቶ ነበር?

ለቀብሩ ሄድኩ። ብራምዊክን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከቀብር መልስ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። ሻይ የምታድለው ሴትዮ ሲኒውን አስቀምጣልኝ ስኳር ሳትሰጠኝ አለፈች። እንግሊዞች ሲጠሉ አይጮኹም፣ ዓይናቸውን ብቻ ይነሱሃል። ምን አጠፋሁ? ዶሪንን ጠየቅኳት።

"በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር" አለችኝ። "'እህቴ ደውላለች?' ይለኛል። ቢሮሽ 'ታውቃለች' አለኝ። እኔም 'ታውቃለች' አልኩት።"

ሰማችሁ? ወንድሜ የሞተው እያወቀች አልደወለችልኝም ብሎ ነው።

የሆነውን ነገርኳት። እሷ ከሰማንያ በላይ ናት፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳችና በዚያ ሁሉ ሰው መሐል "እህቱ አልተነገራትም ነበር!" አለች። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም፣ አላዘገየችም። ሴትዮዋ ስኳሩን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ እናንተ ፊት ያለቀስኩት ለወግ ነበር።

ዶሪን በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየችኝ። በጥንት፣ በወረርሽኝ ዘመን፣ የመጀመሪያው ሰው የሞተው የገበያው ዋዜማ ነበር ይላሉ። ትልልቆቹ ሰዎች ተሰበሰቡ። "ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ገበያውም ይፈርሳል፤ ሐሙስ ይለፍና እንናገራለን" ተባባሉ። ሐሙስ ሰው ከየመንደሩ መጣ፣ ሸጠ፣ ገዛ፣ በሽታውን ይዞ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ በብራምዊክ ሰው ከሞተ በዕለቱ ደወል ይደወላል። ዝናብ ቢሆን፣ ሰርግ ቢሆን፣ አይዘገይም። ለዓለሙም ተደወለ። ደወሉን በጎቹ ሳይቀሩ ሰምተውታል። እኔ በዚያች ሰዓት ፓሎ አልቶ ነበርኩ፤ የማላውቀውን ሰው ሕመም "ጉልበቴን አሞኛል" እያልኩ እተረጉም ነበር።

አቶ ሚልክያስ፣ አንድ ጥያቄ። በዚያ ሰሞን እኔ ብሄድ ሺፍቴን ማን ይሸፍነው ነበር? ከአዲሱ ሆስፒታል ጋር ሥራ የጀመርንበት ወር አልነበረም? አይመልሱ፣ ኬክ ጎርሰዋል። የሐሙስ ገበያዎ እኔ ነበርኩ።

ቲቲ፣ አታልቅሺ። አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው፤ እኔም ይቅር አላልኩሽም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ቀልዱ መጣ። የዓለሙን ቤት ተከራይቻለሁ። ሚኒባሱንም ልነዳ ነው፤ በመንገዱ በግራ በኩል። ለእኔ ሳይሆን ለበጎቹ ጸልዩላቸው። ያች ከተማ ዝናባም ናት፣ ወጧ አልጫ ነው፣ ሰዉም ቶሎ አይለመድም። እዚያ ብሞት ግን ሳይመሽ ይሰማል።

በእኛ ወግ ሰው ሲሰናበት ይመርቃል። "ክፉ አያሰማችሁ" ብዬ እንዳልመርቃችሁ፣ በእኔ ላይ የሠራችሁት እሱን ነው። ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፤ ሥራችሁ ይስፋ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ክፉም ሆነ ደግ በሰዓቱ ያሰማችሁ። የመጨረሻ ቀናችሁ ሲደርስም፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ "ደውላለች?" ብላችሁ ስትጠይቁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው "መንገድ ላይ ናት" ይበላችሁ፤ እውነቱንም ይሁን።

አሜን ማለት የሚችል፣ አሜን ይበል።