ያረጋል በገዛ ፈቃዱ ሰጠ ስለተባለው ኪኒን

የምስክሩ ስም፦ ደምለው አየነው
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የመጋዘን ሸክም አንሺና ስም ጠሪ
አድራሻ፦ መተማ፣ ከገበያው ማዶ
ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እኔ ደምለው ለምስክርነት ተጠርቼ፣ ፊደል ስለማውቅ በእጄ እንድጽፍ አሥር አለቃ ጀይሉ ፈቅደውልኝ፣ እየጠየቁኝ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የማታውን የፊደል ትምህርት ስድስት ሆነን ጀምረን በሦስት ወር የጨረስሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሥር አለቃው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኛል፤ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በነጋዴው በሙሐመድጣሂር የሰሊጥ መጋዘን ሃያ ሦስት ሸክም አንሺዎች ነን። ወባ ሲገባ ነጋዴው ከድንበር ማዶ ከገላባት አስመጥተው ለእያንዳንዳችን የወር ኪኒን ያድሉናል። ዘንድሮ ያደሉን ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ካቦአችን ባፈና የተባለው፣ አባቶቻቸው በጦርነቱ ያለቁባቸው ሕፃናት ጭልጋ ላይ በወባ ወድቀዋልና ኪኒናችሁን ስጡ አለን። ፈቃድ ነው አለ፤ ግን የሰጠና ያልሰጠ በየጠዋቱ በሰልፍ ፊት እንዲነበብ አዘዘ። አንባቢው እኔ ነበርሁ።

መጀመሪያ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እኔና አብዛኞቹ እዚሁ ቆላ የተወለድን ነን፤ ወባ ቢይዘን ሁለት ቀን ተኝተን እንነሣለን። ባልደረባችን ያረጋል ግን በግንቦት ከጎጃም ደጋ የወረደ፣ በክረምቱ ሁለት ጊዜ ታሞ ከሞት የተረፈ ሰው ነው። ባፈናን «ጌታየ፣ ለሕፃናቱ የአሥር ቀን ጉልበቴን ልስጥ፤ ይችን ተዉልኝ» ብሎ ሲለምነው ቆሜ ሰምቻለሁ። ባፈና ሁሉም እኩል ነው ብሎ መለሰው።

ማክሰኞ ስም ሳነብ ያረጋልን ለመጨረሻ አቆየሁት። «ያረጋል፣ ምንም። ባንዳ እንኳ ለልጅ ያዝናል» አልሁ። ባፈና አላዘዘኝም፤ ከራሴ ነው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ ሰው ማሳቅ እችልበታለሁ። ረቡዕም ደገምሁት። ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ እንኳ ባንዳው መጣ ይሉት ጀመር። ዘንድሮ ይህ ስም ሰው እንደሚያስገድል ሁላችንም እናውቃለን።

ሐሙስ መስከረም 29 ቀን ኪኒኑን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ አመጣ። ባፈና ወረቀት አውጥቶ ጻፍ አለኝ። «እኔ ያረጋል ኪኒኔን በገዛ ፈቃዴ ሰጥቻለሁ» የሚለው የእኔ ጽሕፈት ነው። ያረጋል ፊደል ስለማያውቅ «ምን ይላል፣ ወንድሜ?» አለኝ። «ደግ ሰው ነህ ይላል» አልሁት። ፈገግ አለ። አውራ ጣቱን ይዤ፣ ቀለም አስነክቼ፣ አሳተምሁት።

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ትኩሳት ጣለው። ባለቤቱ አሰበች ኪኒን ፍለጋ መጋዘኑ ድረስ መጥታ ከሁላችን አንዲት ፍሬ አላገኘችም። ዓርብ ሕክምና ፍለጋ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በቃሬዛ ስንወስደው መንገድ ላይ ዐረፈ። ከፊት የተሸከምሁት እኔ ነኝ።

ባፈና ኪኒኑን ሸጧል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አልሸጠም፤ ወደ ጭልጋ ሲጫን አይቻለሁ ብያለሁ። በወረቀቱ ያለው ፈቃድ የሟቹ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አይደለም፤ ጣቱ የእሱ ነው፣ ትእዛዙ የባፈና ነው፣ ጽሕፈቱና ቀልዱ የእኔ ነው ብያለሁ። አሥር አለቃው ይህን ከጻፍህ አንተም ትጠየቃለህ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ገብቶኛል፤ አይሰረዝ ብያለሁ።

ከመፈረሜ በፊት አሰበች ባለችበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ስጨርስ፣ እኔን ትታ ወደ አሥር አለቃው ዞራ «ወረቀቱ የሚለውን ነው ያነበበልኝ?» አለች። ወረቀቱን አይተው፣ አዎ አሏት። እውነት ስለሆነ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ደምለው አየነው
ሲነበብ የሰማች፦ አሰበች (የአውራ ጣት ምልክት)
ቃሉን የተቀበለ፦ አሥር አለቃ ጀይሉ