ቀዩ የሙዝ ማሳ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጫኖ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የሙዝ ገበሬዎች ያወራሉ።

«ሙዝ ገዢዎቹ የለጠፉትን የሳተላይት ፎቶ አየኸው?»

«እሱ አይደል ጉድ የሠራኝ! የድንበርተኛዬ ማሳ ደም መስሎ ቀልቷል፤ የኔ ነጣ ብሏል።»

«ታዲያ?»

«በዓይን ባይታይም ውሃ ጠምቶት ሊደርቅበት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ምቀኛ!»

«ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ቤቱ ድረስ ሄጄ አይዞህ አልኩት። የመስኖ ተራዬንም ለቀቅኩለት።»

«ውሃህን?»

«የሁለት ሳምንቱን! ትናንት የገዢዎቹ ባለሙያ መጥቶ፣ በፎቶው ላይ ቀይ ማለት ለምለም ነው፣ የምንገዛው ከቀዩ ነው አይል መሰለህ?»

«ወይ ጉድ! የተጠማው ያንተ ነዋ!»

«የኔ ነው እንጂ!»

«ተራዬን መልስልኝ በለዋ።»

«በምን አፌ? ለደግነቴ እኮ ሽማግሌዎቹ ቆመው መርቀውኛል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ያጠጣል። ሰማይ ላይ ያለችው ሳተላይት እንኳ የምታየው እሱን ነው!»

«ተወው፣ ዛሬ አዲስ ፎቶ ይመጣል ብለዋል።»

«አሁንማ ከነጭም ይነጣል የኔ!»

ሙዝ ገዢዎቹ ጫኖ እንድለጥፈው የሰጡኝን፣ ጉልበቴ ላይ የያዝኩትን የአዲሱን ፎቶ ጥቅል ቀስ ብዬ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጥኩት።