ረጅሙ ጥቁር ቦርሳ

ክብርት የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ አስረሳሽ፤ ክቡራትና ክቡራን የመስኖ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቼ፤

ለአንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የጡረታ ሽኝት ሁለት በግ አርዳችሁ፣ አንዱን በቢስሚላህ አንዱን በስመ አብ፣ እንደ ሙሽራ መሃል አስቀምጣችሁኛል። አክባሪ አያሳጣችሁ። ንግግር አልችልበትም። በዚህ ቤት ዕድሜ ልኬን የተናገርኩት “ፈርምና ውሰድ” የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከምፈራው ነገር ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል። ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ረጅም ጥቁር ቦርሳ እዩልኝ። አሁን ሙህሲን በሁላችሁ ስም የሰጠኝ ነው። ውስጡ ያለው አሮጌው ቤዝ ጊታራችን ነው። ቦርሳውን ደግሞ ዘካሪያስ፣ ልብስ ሰፊው ራስ ላይ ቆሞ፣ በልክ ያሰፋው ነው። ስቀበለው ፊቴ ሲለዋወጥ አይታችሁ “እንባ ተናነቀው” ብላችሁ ያጨበጨባችሁ አላችሁ። እንባስ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ፣ ልጄ ዘንድ ልጦር ስሄድ ይህን ተሸክሜ ነው አውቶቡስ የምሳፈረው?

እስቲ ፍረዱኝ። ከሩቅ፣ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲታይ፣ ምን ይመስላል?

አትሳቁ። በመንገዱ ላይ ስንት ኬላ እንዳለ ሹፌራችንን ሙህሲንን ጠይቄው ነበር። “እንደ ቀኑ ነው፣ ጋሽዬ” አለኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ልተኛ?

አዲስ የገባችሁ ልጆች ነገሩ አይገባችሁምና ከሥሩ ልንገራችሁ። ይህ ጽሕፈት ቤት ድሮ ሙሉ የሙዚቃ ክበብ ነበረው። ኪቦርዱ፣ ድራሙ፣ ሊድ ጊታሩ፣ ሁሉም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቢሮው ተዘረፈ። ማን እንደዘረፈው አላየሁም፤ ያን ጊዜ ቤቴ አልጋ ሥር ነበርኩ። ስንመለስ የፓምፕ መለዋወጫው የለም፣ ኪቦርዱ የለም፣ የበሩ መዝጊያ እንኳ የለም። ቤዙን ግን ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። ለምን ተዉት? አንዱ አንስቶ ክሩን ሲነካው ድምፅ ያልሰጠው ይመስለኛል። ቤዝ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ጆሮ ሥር ካላስጠጉት በቀር አይሰማም። ተበላሽቷል ብሎ ጥሎት ሄዷል።

የቀረን እሱ ብቻ ስለሆነ እንግዲህ ሙዚቃ የሚወድ ሁሉ ቤዝ ተጫዋች ሆነ። እኔ፣ ሙህሲን፣ ሒሳብ ክፍል ያለችው ፍሬሰላም፣ የፓምፕ መካኒኩ ዘካሪያስ። ተጫዋቹ አራት፣ ቤዙ አንድ፣ ዘፋኝ የሚባል የለም። እንዲህ ያለ ባንድ ከቆቦ ሌላ የት ይገኛል?

ከሥራ በኋላ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስንከራከር የሰማ ሰው የድንበር ጠብ ይመስለዋል። ክር ሲያረጅ ድምፁ ይደክማል። አዲስ ክር እዚህ ስለማይገኝ አሮጌውን አውልቀን እንቀቅለዋለን፤ ቆሻሻው ሲለቅ ለጥቂት ቀን ይነቃል። እኔ አይቀቀል ባይ ነኝ። ለእኔ የቤዝ ድምፅ ወፈር፣ ደብዘዝ ማለት አለበት። ፍሬሰላም ደግሞ ጥርት ብሎ ካልጮኸ አይሆንላትም። አንድ ቀን የቢሮውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ወስዳ ቀቀለችበት። ወይዘሮ አስረሳሽ በማግስቱ ሻይዎን ቀምሰው “ምነው ዛሬ ምስማር ምስማር አለኝ?” ያሉት በዚያ ምክንያት ነው። አሁን ተገለጠልዎ?

እኔም አልተኛሁላትም። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ወስጄ ክሩ ሥር ወሸቅኩበት። እንዲህ ሲሆን የድሮ ካሴት ላይ እንደምንሰማው ድብ ድብ ይላል፤ ለራያ ጭፈራ ከዚህ የተሻለ የለም። ጨፋሪው እግሩን ሲጥል ቤዙ አብሮት መሬት መንካት አለበት። ፍሬሰላም መጥታ ገና አንድ ጊዜ ስትነካው “ማን ነው አፉን ያፈነው?” አለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

የምናደንቃቸው ተጫዋቾችስ? ስማቸውን አናውቅም። የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ዘፋኙ አለ፣ ግጥም ደራሲው አለ፣ ቤዝ የመታው ሰው ግን አይጻፍም። ስለዚህ ስም አወጣንላቸው። አንዱን “ቆጣቢው” እንለዋለን። አንድ ድምፅ መትቶ ዝም ይላል፤ እኛ ሌላ ስንጠብቅ እሱ የለም። ሙህሲን ቆጣቢውን በሦስት ዘፋኞች ካሴት ላይ አግኝቼዋለሁ ባይ ነው። ዘካሪያስ “የተለያዩ ሰዎች ናቸው” ሲለው ይቆጣል። “ወላሂ የአንድ ሰው ጣት ነው። እናቱ እንኳ እንደኔ አትለየውም” ይላል። እኔ ከሙህሲን ጋር ነኝ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳላውቅ መሞቴ ይቆጨኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቤዙን አንገት ጫፍ ከብረት በሩ ጋር አስጠግተን እንመታለን። በሩ ራሱ ማጉያ ይሆንና ድምፁ ግምጃ ቤቱን ይሞላዋል። ይህን ያስተማረን ሙህሲን ነው። ከማን እንደተማረው አይናገርም።

ታዲያ ይህን ያህል ከወደድኩት ምኑ ነው የሚያስፈራኝ?

ዋጃ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔው እያሳቅሁ ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ ሳላስቅ ልንገራችሁ።

እኔና ሙህሲን ሰርግ ላይ ተጫውተን በሰው ሚኒባስ ስንመለስ፣ ገና በጠራራ ፀሐይ፣ አስቆሙን። እነማን ናቸው አትበሉኝ፤ ያን ሰሞን መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ፈታሽ ነበር። ቤዙን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጉልበቴ መሃል አቁሜዋለሁ። አንዱ ወጣት በመስኮት አየውና ወደ ኋላ ሸሸ። ወዲያው ውረዱ ተባልን። ሙህሲንን፣ ከጎኔ ስለነበር፣ በሆዱ አስተኙት፤ እጁን ማጅራቱ ላይ አስደረጉት።

“ምንድን ነው የያዝከው?”

“ጊታር ነው፣ ጌታዬ።”

“ግለጠው።”

ገለጥኩት። ወጣቱ ክሩን በዓይኑ ቆጠረ። “ጊታር ስድስት ክር ነው ያለው። ሁለቱን የት አደረግሃቸው?”

“ይኼ ቤዝ ነው። ሲፈጠርም አራት ነው።”

“እስቲ ምታው።”

መታሁት። የዋጃን ሜዳ ንፋስ ታውቁት የለ? ምን ይሰማል? ደግሜ መታሁት። “ድምፅ የሌለው ጊታር አይተህ ታውቃለህ?” አለው ጓደኛውን። ጓደኛው ከኋላ ቆሞ ወደ እኔ አነጣጥሯል፤ ጣቱ ምላጩ ላይ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እነሱ በረዩ፤ ልጡ ግን የነበረው እኔ እጅ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሙህሲን ከንፈሩ አፈር እየነካ “ጋሽዬ፣ መኪናው ላይ ያስደግፉት” ያለኝ። የአንገቱን ጫፍ ከሚኒባሱ ቆርቆሮ ጋር አስጠግቼ ወፍራሙን ክር ሳብኩት። መኪናው በሙሉ አጉረመረመ። መውረድ አቅቷቸው ውስጥ የቀሩ አንዲት አሮጊት “ሞተሩ ተነሳ መሰለኝ፣ እንሂዳ” አሉ። ወጣቱ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። “ድገመው” አለኝ። ደገምኩት። “ድገመው።” ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም። በኋላ እጁን አንስቶ “ሂዱ” አለን። ጓደኛው ግን እስክንርቅ ድረስ እንዳነጣጠረ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ስነግራችሁ “ሁለቱን የት አደረግሃቸው” የሚለው ላይ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሙህሲን ግን አልሳቀም። አስተውላችሁ ነበር? እኔ አስተውያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤዙን ይዤ ከግምጃ ቤቱ በር አልወጣሁም። ሰርግ ስጠራ ወገቤን አመመኝ እላለሁ። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከሰማሁ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ፤ እኔን ደግሞ በዚህ በቆቦ ሙቀት ይበርደኛል።

ስጦታው ይህ እንደሆነ ቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ቆቦ ላይ ምን ይደበቃል? የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር። “እዚሁ ይቅር፣ ለወጣቶቹ ይሁን” ልላችሁ ነበር። ያምራል አይደል? ሰው ሲሰማው ትሕትና ይመስለዋል። ግን ፍሬሰላም፣ ወንድምሽ ከአዲስ አበባ ባለ አምስት ክር አዲስ ቤዝ ልኮልሻል፤ እናንተ እንደማትቸገሩ አውቃለሁ። ሰበቤ ገና ሳልናገረው ፈረሰ።

ያለ እሱ መሄድም ያስፈራኛል። ኮምቦልቻ ማን ያውቀኛል? ልጄ ሥራ ትውላለች፤ እኔ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቼ የበር ደወል ልጠብቅ ነው። ክር ይቀቀል አይቀቀል ብዬ ከማን ጋር ልጣላ? እናንተስ ትመጣላችሁ? አሁን ሁላችሁም “እንመጣለን” ትላላችሁ። መንገዱ ግን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሰው ዛሬ ነገ ሲል ይቆያል፤ ከዚያ ማፈር ይመጣል፤ ካፈረ ወዲያ አይመጣም። ከኬላው ይልቅ ይህን እፈራለሁ መሰለኝ።

ምን አልክ ዘካሪያስ? ጮክ በል፣ ሰው ይስማህ።

“አንገቱ እኮ በአራት ብሎን ነው የታሰረው፣ ጋሽ አላምረው። ፈትተን በየተራ እናምጣልዎታ” ይላል። ካቻቢቴውንም ከኪሱ አወጣ። ለሰርግም ለቀብርም ይዞት ነው የሚዞረው።

ቆይ። ይህን አላሰብኩትም።

አካሉ ብቻውን ምን ይመስላል? መክተፊያ። ማንም አይደነግጥበትም፤ ዘካሪያስ በሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ከትቶ ያመጣዋል። ክሮቹን ፍሬሰላም በእጅ ቦርሳዋ ትይዛለች። ቀቅላ እንደምታመጣቸው አውቃለሁ፤ ይሁን፣ ትቀቅል። ብሎኖቹን ሙህሲን ኪሱ ውስጥ ይጨምራቸዋል። እንግዲህ ሦስታችሁም በሰላም ካልገባችሁ በስተቀር እኔ ቤዝ የለኝም ማለት ነው። በአካሉ ብቻ አልጫወትም፣ በክሩ ብቻ አልጫወትም። በር በሩን የማይበት ምክንያት ይኖረኛል።

አንገቱስ? የሚያስፈራው እኮ እሱ ነው። ቀጥ ያለው፣ ረጅሙ፣ ጨርቅ ሲለብስ አፈሙዝ የሚመስለው አንገቱ ነው።

ይኸው ሙህሲን እጁን አነሳ። “አብሽር ጋሽዬ፣ አንገቱን እኔ አደርሰዋለሁ” ይላል።

አይሆንም ሙህሲን። ቁጭ በል። አንተ ያን ቀን አፈር ላይ ተኝተህ ባትናገር ኖሮ ሁለታችንም ዛሬ እዚህ የለንም። መኪና ስትነዳ ኬላ ሲመጣ ከንፈርህ እንደሚንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ዱዓ እያደረግህ ነው። አንተን በዚህ አንገት የተነሳ ሁለተኛ መሬት አላስተኛህም።

አንገቱን እኔ እወስደዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ በዚያው አውቶቡስ። ቦርሳው ግሩም ነው፣ ግን እዚሁ ይቅር። እኔ አንገቱን ራቁቱን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ መስኮት ጥግ ተቀምጬ፣ ሁሉም እንዲያየው አደርጋለሁ። ሮቢት ኬላ ላይ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ። ጎብዬ ላይ ቢጠይቁኝም ያንኑ እናገራለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ይንቀጥቀጥ። አልፈራም አላልኳችሁም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። አሜን በሉ።

ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ሠራተኛዎ ሳይጎድል የሚውሉበትን ዘመን ይስጥዎ። የራያ ገበሬ ፓምፑ አይቁምበት፣ ማሽላው አይክዳው። ከእናንተ የወጣ በሰላም ይግባ፤ ቤት የቀረ ክፉ ወሬ አይስማ። ኬላ ላይ የሚቆመውንም ልጅ ለእናቱ ያብቃው። ያን ጣቱን ከምላጩ ያላነሳውንም ጭምር፤ እሱም እንደኔ ፈርቶ ነበር። ልጆቻችሁ ረጅም ነገር በትከሻው ያነገተ ሰው ሲያዩ “ዛሬ የማን ሰርግ ነው?” ብለው የሚጠይቁበትን ቀን ያምጣላችሁ። አሜን።

በል ዘካሪያስ፣ ፍታው። አንገቱን አሁኑኑ እጄ ላይ ስጠኝ። ዛሬ ካልያዝኩት ነገ አልይዘውም።