ሁለት ጊዜ የማይሰሙት የኔታ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አስተማሪ ሆኜ ከቢቸና ወደ ሞጣ ትምህርት ቤት ተዛወርሁና ሰላም የምለው ሰው አጣሁ። ከግድግዳ ጋር ከማወራ ብዬ ያልነበረ ያልተፈጠረ ታሪክ መጻፍ ጀመርሁ፤ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ባሕር ሥር የተሠራ ከተማ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሳቁብኝ። ቁጭ ብለው የሰሙኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ብቻ ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «የፈረሱን ክንፍ ከሌላም ሰምቼዋለሁ፤ ከተማው ግን ያንተ ነው» አሉኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው እንኳ አልነበረኝም!

ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ታሪክ ሳሳምር ሰንብቼ ተመለስሁ። ገና አንድ መስመር ሳነብ እጃቸውን አነሡ።

«ይኸንንማ ሰማሁት።»

«አሻሽዬዋለሁ እኮ፣ የኔታ።»

«ልጄ፣ እዚህ ጉባኤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ተማሪዎቼ በየቀኑ አዲስ ነው የሚያመጡት። አንተም አዲስ ይዘህ ና።»

እኔን፣ አስተማሪውን፣ ከቆሎ ተማሪ እኩል! ተናድጄ ሦስት ቀን ቀረሁ። በሦስቱ ቀን ቤቴን ያንኳኳ ሰው የለም። በአራተኛው ቀን ሰዎች የገዛ አካላቸውን ጥላ አውጥተው ስለሚሸጡበት ገበያ ታሪክ ፈጥሬ ሄድሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ዛሬ እናንተ «ይህን ሁሉ ያልተሰማ ነገር ከየት ታመጣዋለህ?» ትሉኛላችሁ። የተመራመርሁ ይመስላችኋል። በዚያ ሁሉ አገር የሚሰማኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ የሰሙትን አይሰሙም ነበር።