የወንዝ መርዶ

አይሁድ አገር፣ ኔታንያ ከተማ የሄድኩት እምነትንና የተፈጥሮ ጥበቃን አዋህዶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አገሩን ገና ሳልለምድ መምህራችን ዶራ ሰፈር ይዞን ሄደ፤ እዚያ በፎቆቹ መሀል ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የምትሞላ ኩሬ አለች። የውሃውን ጥልቀት ስንለካ፣ ሹክ ከሚባለው ገበያ አትክልት ገዝተው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ቆመው አዩኝና በአማርኛ "የየት አገር ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

የወገራ ልጅ መሆኔን ነግሬ የመንደሬን ስም ስጠራ ክንዴን ጭብጥ አደረጉኝ። ለካ የተወለዱት እዚያው ኖሯል።

"ከጸሎት ቤታችን ሥር የሚወርደው ወንዝ እንዴት ነው? ለሰንበት የምንነጻው እሱ ውስጥ ታጥበን ነበር" አሉኝ።

እኔም በዚያ ሰሞን ስለ ድርቅ ስንማር ስለሰነበትን፣ ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀ ተማሪ ፈጠን ብዬ፣ "እሱማ ደርቋል። ዳር ዳሩን የተተከለው ባሕር ዛፍ ጨረሰው፤ አሁን የከብት መንገድ ሆኗል" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አወለቁ። መሬት ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። መምህራችን ሮጦ መጥቶ "ማን ሞተባቸው?" አለኝ። በዚያ ወንዝ እኔም ልጅ ሆኜ ዋኝቼበታለሁ፤ ሲደርቅ ግን እንባ አልወጣኝም።

አጠገባቸው ስቀመጥ እንባቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ልጄ፣ ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር?" አሉኝ።

"ሁላችንም ነበርን፣ እናቴ" አልኳቸው።