ጠላቂዋን ለእኔ ጥለው ሲሄዱ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ! ሰው ፊት መናገር እንደምፈራ እያወቃችሁ ማይኩን ለእኔ ሰጣችሁኝ አይደል? አላህ ይይላችሁ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ኑርሀያት እባላለሁ። እዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ ዛሬ ከምንሸኛቸው ከጋሽ ሙዘይን ጋር አንድ ጀልባ ላይ ስጨቃጨቅ የኖርኩ ረዳታቸው ነኝ።

የመጡ ዕለት እዚሁ ነበርኩ። የለውጡ ሰሞን ነው፤ መስከረም፣ የግሸን ተጓዥ ከተማውን የሞላበት ጊዜ። ጋሽ ሙዘይን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር በጀርባቸው አዝለው ከበራችን ቆሙ። ጥበቃችን ኑርሁሴን በአክብሮት ብድግ ብሎ፣ "አባት፣ የግሸን አውቶቡስ ከወዲያ ነው፤ ቶሎ ካልደረሱ ወንበር አያገኙም" አላቸው።

"እኔ ወደ ላይ አይደለም የምሄደው።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

"ወደ ሐይቁ ሥር።"

ኑርሁሴን በሩን ዘግቶባቸው ወደ ቢሮ በረረ። "ኧረ ድረሱ! አንድ ሽማግሌ ሐይቅ ሊገባ ነው!" ተንጋግተን ስንወጣ እሳቸው ብርድ ልብሱን ፈተው ጠላቂዋን እንደ ሕፃን ታቅፈዋታል። አትሳቅ ኑርሁሴን፣ ያኔ አላሳቀህም።

ጠላቂዋን የማያውቅ ካለ፣ ካሜራና ሞተር ያላት፣ ረጅም ኬብል እየጎተተች ውኃ ውስጥ የምትሄድ ዕቃ ናት። እኛ ጀልባ ላይ ሆነን በሪሞት እንነዳታለን፤ የምታየውን በስክሪን እናያለን። በዓለም ላይ ግድብ፣ ቧንቧ፣ የመርከብ ሆድ የሚፈትሹት በእሷ ዓይነት ነው። ጋሽ ሙዘይን በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ። ያ ሲፈርስ የውኃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖሩ። ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል ሲባል ደማቸው ሞቀና፣ የእኛን ልጆች ጠላቂ ነጂ አደርጋለሁ ብለው መጡ።

አመላቸውን ታውቁታላችሁ። ሠልጣኝ ሪሞት አይነካም፣ መጀመሪያ ኬብል እየለቀቀ እየሰበሰበ እጁ እስኪላጥ ካልሠራ። ከዓረብ አገር ተመልሶ፣ ጥሩ ጫማ አድርጎ የመጣውን ሁሉ ኬብል ያስጎትቱታል። "ኬብል!" ብለው ሲጮሁ የማይደነግጥ የለም። ባጃጅ ወደ ኋላ ሲሄድ እንኳ "ኬብል!" ይላሉ። ባለቤታቸው ሀጀራ የስልክ ቻርጀር ሰክታ መራመድ ትታለች አሉ። እውነት ነው አይደል ሀጀራ? ይኸው፣ ራሷን ነቀነቀች።

የመጀመሪያዎቹን ሠልጣኞች አትርሱብኝ። ፈሂማ፣ እዚያ የተቀመጠችው፣ አንድ ቀን ሪሞቱን ይዛለች። ውኃው ደፍርሷል። ድንገት ስክሪኑ ላይ የጀልባ ሆድ ታየ። "የሰጠመ ጀልባ! የሰጠመ ጀልባ አገኘሁ!" ብላ ጮኸች። አጨበጨብን፣ እልል አልን፤ አንዱማ ለቤተሰቡ ደወለ። ጋሽ ሙዘይን፣ "እሰይ። እስቲ ጀልባው ላይ ያሉትን ሰዎች ሰላም በሏቸው" አሉ። ለካ ልጅቷ ስትዞር ውላ ኬብሉን በራሳችን ጀልባ ላይ ጠምጥማዋለች። ያየነው የራሳችንን ጀልባ ሆድ ነው!

እንዲህ ስንስቅ ጦርነቱ መጣ። ከተማችን ሐይቅ ልትያዝ ነው ተብሎ ሁሉም ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ ጋሽ ሙዘይን ወደ ሐይቁ ወረዱ። ጠላቂዋን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ከድንጋይ ጋር አስረው፣ ከዓሣ አጥማጁ አሊ ጋር ውኃ ውስጥ ቀበሯት። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኗል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እሳቸው "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝና አሊን ጠርተው ጠላቂዋን አወጧት። አንዱ ሞተሯ ውኃ ጠጥቶ ነበር፤ ፈታተው ጠገኑት። ማሠልጠኛው በዚያች ዕቃ ነው እንደገና የተከፈተው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ዛሬ ደስ አላለኝም። ሰኞ አዲስ ሠልጣኞች ይገባሉ፤ አሠልጣኟ እኔ ነኝ፤ እሳቸው የሉም። የምፈራው ማስተማሩን አይደለም። የምፈራው አንድ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሠልጣኝ እጁን ያወጣና፣ "ይህን ተምረን ሥራ እናገኛለን ወይ?" ይላል። ሁልጊዜ ይጠየቃል። ምን ልበል?

ሐቢብን ላንሳ? ሐቢብ ዓረብ አገር በረሃ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ዛሬ ባሕሬን ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ይፈትሻል። ሲቀጥሩት ሰርተፊኬቱን ገልጠው እንኳ አላዩም አለኝ። ሪሞት ሰጡት። ሪሞቱን አስቀምጦ ኬብሉን ሊፈትሽ ሄደ። "ማነው ያስተማረህ?" ቢሉት፣ "አገሬ ላይ አንድ የሚጮሁ ሽማግሌ አሉ" አላቸው። በማግሥቱ ሥራ ጀመረ።

ወይስ ፈሂማን ላንሳ? ፈሂማ ከሐቢብ ትበልጥ ነበር፤ ራሱም ይመሰክራል። በየቦታው አመለከተች። "የስንት ዓመት ልምድ አለሽ?" "ሐይቁ ላይ ሠልጥኛለሁ።" "ሥልጠና አላልንሽም፣ ሥራ ነው ያልንሽ።" እስከ ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። ከእሷ ጋር የተመረቁት አንዳንዶቹ ሰርተፊኬታቸውን ለእናታቸው ትተው እንደገና ባሕር ተሻገሩ። የት እንደደረሱ የማናውቃቸው አሉ። እኔ ነኝ "ተማሩ" ያልኳቸው፤ ይህ እንቅልፍ አይሰጥም።

ፈሂማ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ተከልክላ የመጣች ቀን ጋሽ ሙዘይን ምሳቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ሄደው ሄደው አሊ ዘንድ። አሊ ደግሞ ጠላቂዋን በመደበቅ ቢረዳንም፣ ለሥራ ስትገባ ግን፣ "ያ ዕቃችሁ ዓሣዬን ያስበረግጋል፣ ወዲያ በሉልኝ" ይል ነበር።

"የጠፋ መረብ የለህም?" አሉት።

"ሞልቶ።"

"ሠልጣኞቼ ይፈልጉልህ። ካገኙልህ ግን ቀጣሪ ሲጠይቅህ ትመሰክርላቸዋለህ።"

ከዚያ ወዲህ ሠልጣኞቻችን የአሊን መረብ አወጡ፤ የከተማውን የውኃ መሳቢያ ፈተሹ፤ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ሄደው ሠሩ። ፈሂማም ሱቋን እየዘጋች አብራ ወጣች። ባለፈው ወር ፈሂማ ካመለከተችበት አንድ ግድብ አሊ ዘንድ ተደወለ። "ፈሂማን ታውቃታለህ?" "እንዴታ! መረቤን ከግንድ ላይ ሳትቀድ ያወጣች ናት።" መልሱ ገና አልመጣም። ይኸው ስልኳን እያየች ነው። እኔም እሷን እያየሁ ነው የማወራው።

ጋሽ ሙዘይን፣ ሰው የሚያምነው እርስዎን ነው። አሊ በሩን የከፈተው ለእርስዎ ነው። ሰኞ እኔ ብሄድ ይከፍትልኛል ወይ? ያቺ ጥያቄ ስትመጣስ ምን ልበላቸው? እዚሁ ሰው ፊት ይንገሩኝ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ! "አላውቅም በያቸው" ይላሉ። "አላውቅም በያቸው፣ ከዚያ ሥራ ያለበት ቦታ ይዘሻቸው ሂጂ።"

እሺ። አላውቅም እላለሁ። ሥልጠናው ብቻውን ሥራ አይሰጥም እላለሁ፤ ይህን ሰምቶ የሚቀር ይቅር።

አሊ፣ አንተስ? አቀርቅረህ አትቅር እንጂ! ... ሰማችሁት? "ሰኞ ማለዳ ጀልባዬን ይዤ እጠብቅሻለሁ" አለ። አልሀምዱሊላህ። አላህ ያክብርህ ወንድሜ።

ጋሽ ሙዘይን፣ አመሰግናለሁ። ጠላቂዋን ስላተረፉልን፣ እኔንም ከዚያ ግድግዳ ሥር ስላነሡኝ። ከዚህ በላይ ብናገር አለቅሳለሁ። ብርዝ የያዝክ ብርዝህን፣ ለስላሳ የያዝክ ለስላሳህን አንሣ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከሀጀራ ጋር ያኑርዎ። ያሠለጠኗቸው ልጆች ሥራ ይዘው ደጅዎን ሲያንኳኩ ያሳይዎ። አሚን በሉ!

ሥራ ያላገኙትም ያንኳኳሉ፣ ጋሼ። እነሱን ወደ እኔ ይላኩልኝ፤ በሬን አልዘጋም።