የግድቡ መብራት፤ የራሔላማ ፑኑስ ሕይወትና ተረቶች

በጀልባ ተጭናችሁ፣ በዝናብ ርሳችሁ፣ ወደዚህ ወደ ካይታታራ ቤት ለመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፣ ስለ ድካማችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። የሰበካው ኮሚቴ በትናንትናው ዕለት አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ አሳትሞ ልኮልን ነበር፤ በዚያ ገጽ ላይ አክስቴ ወይዘሮ ራሔላማ «ስለ ዳክዬና ስለ ዓሣ ጣፋጭ ተረቶችን የጻፉ ደግ እናት» ተብለዋል። ደግ ነበሩ፤ ተረቶቻቸው ግን ጣፋጭ አልነበሩም፣ እንዲጣፍጡም ፈልገው አያውቁም። ስለሆነም ያንን ገጽ ወደ ጎን ትቼ፣ የወንድማቸው ልጅ የሆንሁት እኔ ዲናማ፣ አልጋ ላይ ሳሉ እጄን ይዘው አደራ ያሉኝን አነባለሁ። አደራቸውም አንድ ነው፤ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ለምነው የተከለከሉትን የአንዲት ሟች ስም በቀብራቸው ዕለት በሰው ፊት ይጠራ የሚል ነው።

ወይዘሮ ራሔላማ ከአባታቸው ከአቶ አቪራ ኢቱፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሊያማ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም.፣ ዝናቡ ሐይቁን ከሩዝ ማሳው ለማገናኘት ጥቂት በቀረው ሰሞን፣ በዚሁ በሐይቅ ዳሩ አገራችን በኩታናድ ተወለዱ። ማሳችን ከሐይቁ ወለል በታች የሚገኝ በመሆኑ፣ ግድቡ ባይኖር ዓሣ ይጠመድበት ነበር እንጂ ሩዝ አይታጨድበትም፤ ያንን ግድብ ያሠሩት ደግሞ ፎቶግራፋቸው ከሬሳ ሳጥኑ በላይ ተሰቅሎ የምታዩት አያታቸው አቶ ኢቱፕ ናቸው። ከሐይቅ አፍ መሬት የነጠቁ ጀግና እየተባሉ ሲወደሱ እኔም በልጅነቴ አጨብጭቤያለሁ።

እናታቸው ገና በጨቅላነታቸው ስላረፉባቸው፣ ራሔላማን ጓሮ ውስጥ ከዳክዬዎቹ ጋር ያሳደጓቸው፣ አይነኬ ተብሎ ከሚገለለው ከፑላያ ወገን የሆኑት ቺሩታ ነበሩ። የእኚህ ሴት ወገኖች ጭቃውን ከሐይቁ ወለል እየጠለቁ በእጃቸው አውጥተው ግድቡን የገነቡ፣ ከግድቡ ያተረፉት ግን ትኩሳት ብቻ የሆነ ሰዎች ናቸው። ቺሩታ ልጅ ሲያሳድጉ ከዚህ በረንዳ አልፈው አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልገቡም፤ አልተፈቀደላቸውም። በሕይወት ሳሉ በዚህ ግቢ ውስጥ አንቱ ያላቸው ሰው ስላልነበረ እኔ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ።

የካይታታራ ቤት አንድ የቆየ ልማድ አለው። ውሃው ከማሳው ተመጥጦ ዘር ከመዘራቱ በፊት፣ የቤቱ አባወራ በታንኳ ወደ ግድቡ መታጠፊያ ይሄድና፣ እግሩን መሬቱ ላይ ሳያሳርፍ፣ ታንኳው ላይ እንደቆመ የኮኮናት ዘይት መብራት አብርቶ ግድቡ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል፤ ለማን ነው ቢባል ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ይባላል። ራሔላማ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር አንድ ቀን ሄደው ኖሮ፣ «አባባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እያለው እዚህ ጭቃ ላይ ምን ያደርጋል?» ብለው ቢጠይቁ፣ የተሰጣቸው መልስ ጥፊ ነበር። በማግስቱ ጉንጫቸው እንዳበጠ ያዩት ቺሩታ ግን፣ ዳክዬዎቹን እየነዱ፣ ወደ ግድቡ ሳይመለከቱ መለሱላቸው፤ «የኔ እመቤት፣ ቅዱሱ ፈረስ አለው፤ ጭቃ ላይ ምን አስቀመጠው? መብራቱ የእህቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ግድቡ በዚያ መታጠፊያ ላይ በተደጋጋሚ እየተደረመሰ ሲያስቸግር፣ ያለ ደም አይቆምም የሚል ምክር ለአቶ ኢቱፕ መጣ፤ በትእዛዛቸውም የሰባት ዓመቷን ኩሩምባን፣ የቺሩታን ታላቅ እህት፣ የጭቃ ቅርጫት አሸክመው ወደ ተደረመሰው ስፍራ ላኳት፤ ቅርጫቱን ልታወርድ ጎንበስ ስትል ጭቃውን ከላይ ደፉባት። እናቲቱ ስትጮህ ዝም እንድትል ሩዝ ተሰፈረላት። ቺሩታ ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ «እህትሽ ሞተች ያለኝ የለም፤ ግድቡን ይዛ ቆማለች ነው ያሉኝ። እኔም እንደቆመች ነው የማውቃት» አሉ። አክስቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው የጻፉት ሁሉ ከዚህች አንዲት ንግግር የተቀዳ ነው፤ ከመላእክት ሹክሹክታ፣ ከአበባ፣ ከቢራቢሮ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መነኮሳት ወደሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። «ስለ አያታችሁ ጻፉ» ተብለው ስለ ኩሩምባ በመጻፋቸው በክፍሉ ፊት ተንበርክከው ዋሉ፤ ይሁን እንጂ በትምህርታቸው የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዐሥረኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ አባታቸው «ሴት ልጅ ብዙ ካወቀች ባል ታጣለች» ብለው አስቀሯቸው፤ በምትካቸውም ከክፍል መጨረሻ ወጥተው የማያውቁት ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ ኩሩቪላ፣ ወደ ማድራስ ኮሌጅ ተላኩ። አባቴ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ደኅና ነው፣ ይሰማሉ።

ባልስ አላጡም። ከሐይቁ ማዶ የአንደኛ ደረጃ መምህር ከነበሩት ከአቶ ፑኑስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ሊሳማና ኮሺ የተባሉ ልጆችን አፈሩ። አቶ ፑኑስ ሚስታቸው ሲጽፉ ዓሣውን እርሳቸው ይጠብሱ ነበርና ይህ ቤተሰብ ለዓመታት ያረረ ዓሣ በልቷል፤ «ዛሬም አረረ እንዴ?» ሲባሉ፣ «ምዕራፉ ጥሩ ነበር ማለት ነው» ይሉ ነበር። በዚህች ታሪክ ውስጥ ያልተቆጣሁበት ወንድ ቢኖር እርሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ራሔላማ ተረቶቻቸውን አስቀድመው የነገሯቸው በትምህርት ቤቱ ጀልባ ለሚመላለሱ ሕፃናት ሲሆን፣ ኋላም «ሐይቁን የተሸከመችው» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አወጧቸው። ከግድቡ ሥር የጭቃ ከተማ አለች፤ ንግሥቷም ቅርጫት በራሷ ላይ የደፋች ኩሩምባ የምትባል ልጅ ናት፤ ዳክዬዎች ይላላኩላታል፣ እንቁራሪቶች ዘብ ይቆሙላታል፣ ዕድሜ የጠገበ አንድ ዓሣ ደግሞ «ትከሻሽን አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ አድርጊና ሐይቁ ወደ ቤቱ ይግባ» እያለ ይሟገታታል። እርሷ ግን ከላይ የሕፃናት ድምፅ ስለምትሰማ እንደቆመች ትቀራለች፤ በመጨረሻውም ገጽ ላይ ወደ ላይ አንጋጣ «ተራው የማን ነው?» ትላለች።

የከተማው አሳታሚ ይህን መጨረሻ አውጥቶ ጣለው። ኩሩምባን የጠፋች ልዕልት አደረጋት፤ ልዑል መጥቶ ከጭቃው አወጣት፤ በሽፋኑም ላይ ወተት የመሰለች ልጅ አሣለባት። አክስቴ በጀልባና በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቢጠይቁት፣ «እሜቴ፣ ልጆች ያዝናሉ ብዬ ነው» አላቸው። «ይዘኑ! ማዘን ሳይማር ያደገ ልጅ ነው በሰው ሬሳ ግድብ የሚሠራው» አሉት። ሁለተኛው እትም በጻፉት መጨረሻና በጥቁሯ ልጅ ሥዕል ወጣ። ከዚያ በኋላ በዚህ ሐይቅ ላይ የሚመላለሱ ተማሪዎች ጀልባቸው መታጠፊያውን ሲያልፍ «ኩሩምባ፣ ደህና አደርሽ!» ብለው መጮህ ጀመሩ፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ሊከለክላቸው የቻለም የለም።

ሊከለክሉ የሞከሩ ግን ነበሩ። የሰበካው ትምህርት ቤት መጽሐፉን ጋኔን ያስተምራል ብሎ ከመደርደሪያው አወጣው፤ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ተሸክመው በር ላይ የቆሙት የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ናቸው፤ ጉንጉኑን ያስቀምጡት፣ እንኳን ደኅና መጡ። አባቴም እየጮሁ ወደ እኅታቸው ቤት ገቡ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ የአያታችንን ስም ጭቃ ውስጥ ከተትሽው!» አክስቴም፣ «ጋሼ፣ ጭቃ ውስጥ የገባችው ልጅቷ ናት፤ የአያታችን ስምማ በአባታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ይወለወላል» ብለው መለሱ። «ተረት ነው! የአሮጊት ተረት!» ሲሏቸው፣ «ተረት ከሆነ መብራቱ ለማን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አባቴ ጥለዋቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም እኅታቸው ደጅ አልደረሱም። የዘር ወቅት ሲደርስ ግን እንደ ልማዳቸው በታንኳ ሄደው መብራቱን አበሩ።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የሙታን መታሰቢያ እሑድ፣ እያንዳንዱ ቤት የሞቱበትን ሰዎች ስም ለካህኑ ያቀርባል፤ ካህኑም በቅዳሴው ይጠራቸዋል። አክስቴ በየዓመቱ የእናታቸውን፣ የአባታቸውን፣ ኋላም የባላቸውን ስም ካስጠሩ በኋላ «ኩሩምባንም ይጥሩልኝ» ይሉ ነበር። «ልጄ፣ ያልተጠመቀች ነፍስ በቅዳሴ አትጠራም» ሲሏቸው፣ «አባ፣ ውሃ ውስጥ ቀብረናት ውሃ አልነካትም ይሉኛል?» ብለው መለሱ። ካህናት ተቀያየሩ፤ መልሱ አልተቀየረም። የገዳዩ የአቶ ኢቱፕ ስም ግን አንድም ዓመት ሳይታለፍ ከነማዕረጉ ይጠራል። ቺሩታም ባረፉ ጊዜ ከዚህ ቤት ተነሥተው ቀብራቸው ላይ የቆሙት ራሔላማ ብቻ ነበሩ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ስለፈዘዘ ልጃቸው ሊሳማ እያነበበችላቸውና የሚሉትን እየጻፈችላቸው ሥራቸውን አላቋረጡም። ያ ትልቁ ጎርፍ በመጣ ጊዜ መንደሩ ሁሉ በትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ተጠልሎ ሳለ፣ አባቴ በዚያ ማዕበል ውስጥ ጀልባ ለምነው መታጠፊያው ላይ መብራት ማብራታቸውን አክስቴ ሰምተው፣ «አየሽ ዲናማ፣ ተረት ነው የሚሉትን ነገር ይፈሩታል» ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ አለቀሱ፤ «ወንድሜ ምስኪን፣ ይህን ፍርሃት ብቻውን ይዞ አረጀ» አሉ። እኔ ግን እንደርሳቸው አላለቅስም፤ ገና ንዴቴ አልበረደም።

ከዚህ በኋላ ኩላሊታቸው ታሞ በሆስፒታልና በቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ በመጨረሻም በጠየቁት መሠረት ወደዚህ ተመልሰው፣ ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ፣ የተማሪዎቹ ጀልባ ሲያልፍ ሰላምታውን እየሰሙ፣ በተወለዱበት በዚህ ቤት ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው «እሷን አትርሺብኝ» የሚል ነበር።

ወይዘሮ ራሔላማ ልጆቻቸውን ሊሳማንና ኮሺን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ኩሩቪላን፣ «ደኅና አደርሽ» እያሉ የሚጮሁትን የሐይቁን ሕፃናት ሁሉ፣ እንዲሁም እስካሁን ከበረንዳው ውጭ በዝናብ የቆሙትን የቺሩታን የልጅ ልጆች ከነቤተሰቦቻቸው ትተው አልፈዋል። እናንተ ውጭ ያላችሁ፣ ግቡ፤ ወንበር አለ። የሌለ እንደሆነ ከተቀመጥነው መካከል የሚነሣ ይገኛል።

አሁን ሳጥኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በጀልባ ነው፤ መንገዱም በመታጠፊያው በኩል ነው። እዚያ ስንደርስ ሞተሩ ይጥፋ። መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ፤ ጀልባ ላይ ቆሜ አይደለም፣ ግድቡ ላይ ወርጄ ነው። ለማን ነው የሚል ቢኖር ይጠይቀኝ፣ እመልስለታለሁ።

በቅድመ አያቴ እጅ በግፍ የተቀበረችውን የኩሩምባን ነፍስ፣ ስሟን ሲጠሩ ኖረው የደከሙትን የራሔላማን ነፍስ፣ እግዚአብሔር በአንድነት በቀኙ ያኑርልን። ለሁለቱም ስም አሜን ያላለ ሰው ሳጥኑን አይንካ።